እርጅና ነው የተባልኩበት ዓመት

መጀመሪያ የያዘኝ ድካም ነበር። ቁርጠት ወይም ትኩሳት ቢሆን ሰው ይደነግጣል፤ ዘመድም ይጠራራል። ደከመኝ ላለ ሰው ግን የሚባለው "አረፍ በል" ነው። እኔም አረፍ አልኩ። ባረፍኩ ቁጥር እየባሰብኝ ሄደ፤ በመጨረሻ ከወንበር ለመነሳት እንኳ ራሴን መለመን ጀመርኩ።

ዘነበች እባላለሁ። ጉልምስናዬን በሙሉ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ጌታቸው አናጺ ነበር። መካኒሳ በኪራይ ቤት ልጅ አሳድገን፣ እዚያው አርጅተን፣ እሱ ቀድሞኝ ሄደ። አርባው ከወጣ በኋላ አንዲቷ ልጃችን ሰብለ "ብቻሽን አትሆኚም" ብላ ጀሞ ወዳለው ኮንዶሚኒየሟ ወሰደችኝ። ሰብለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ባሏ ታምራት የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ናሆም የሚባል አንድ ልጅ አላቸው፣ ገና አንደኛ ክፍል ነው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም።

ያንን ደረጃ መጀመሪያ ሰሞን ዘንቢል ይዤ እወጣው ነበር። በኋላ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ማረፍ ጀመርኩ። ከዚያ በየፎቁ። ከዚያ ግድ ካልሆነ በቀር መውረዱን ተውኩት። ሚያዝያ ላይ፣ ሰው ሁሉ መስኮት ከፍቶ "ኧረ ሙቀት" ሲል፣ እኔ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር። ጠዋት ስነሳ ፊቴ ያብጣል። ጸጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ድምፄ ጎርንኖ፣ አንድ ቀን ስልክ ስመልስ የተሳሳተ ሰው ኖሮ "ይቅርታ ጋሼ" ብሎኝ ዘጋው።

"ሐዘኑ ነው እማዬ" አለች ሰብለ። እውነት መሰለኝ። ባሏን የቀበረች ሴት ቢደክማት ምን ይገርማል?

እየቆየ ግን እሷም ፈራች፤ ሰፈራችን ወዳለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ደም ቀዱና ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ደሙን ሰጥቶ ታይፎይድ የለብህም የተባለ ሰው ካለ እስካሁን አላገኘሁትም። መርፌ ተወጋሁ። መርፌውን ስጨርስ የተለወጠው ነገር የተወጋሁበት ቦታ ማበጡ ብቻ ነበር። ወደ ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ደም ማነስ ነው ተብሎ ሽሮፕና እንክብል ተሰጠኝ፤ ሆዴን አደረቀው፤ ድሮም ደርቆ ነበር። ሦስተኛው ጎፋ አካባቢ ያለ ትልቅ ክሊኒክ ነበር፤ ወለሉ ያብረቀርቃል። ኩላሊቱንም፣ ጉበቱንም፣ ስኳሩንም መረመሩኝ። ሁሉም ደህና ነው አሉ። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለሰብለ ሰጣትና፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ፣ "እናትሽ ምንም የላቸውም። ዕድሜ ነው። ትንሽ ጭንቀትም አለባቸው" አላት። ለጭንቀቱ የሰጠኝ እንክብል ቀን ከሌት የሚያስተኛ ነበር። ለእኔ ደግሞ ያነሰኝ እንቅልፍ አልነበረም።

ጠበልም ገብቻለሁ። በእምነቴ አልጠራጠርም፤ ግን ያ ቀዝቃዛ ውኃ በዚያ ሰውነቴ ላይ ሲፈስ ነፍሴ የወጣች መስሎኝ ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ደግፈው አውጥተው በነጠላቸው ጠቀለሉኝ። እነማን እንደሆኑ አላውቅም፤ እግዜር ይስጣቸው።

በየክሊኒኩ ከፋይዋ ሰብለ ናት። ካርድ ማውጫ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት። ምንም አትለኝም። ግን የናሆምን ጫማ "በሚቀጥለው ወር" ስትል እሰማለሁ። ታምራትም ዝም ብሎ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ዝምታውን እንደ ቅሬታ ቆጠርኩበት።

ከዚያ መርሳት መጣ። የሰው ስም ይጠፋኛል። የጀመርኩት ወሬ መሐል ላይ ይሰወርብኛል። አንድ ቀን ምስር ጥጄ ሳሎን ቁጭ እንዳልኩ ተኛሁ፤ ጎረቤት ጭሱን አይቶ በሩን ሲደበድብ ነው የነቃሁት። ድስቱ ከሰል ሆኗል። በሌላ ቀን ናሆምን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነበርኩ። ቅርብ ነው፤ መንገድ እንኳ አያሻግርም። ጫማዬን አድርጌ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ለመነሳት ትንሽ ልረፍ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ቀጥሎ የማውቀው ሰብለ ናሆምን በአንድ እጇ፣ ቦርሳዋን በሌላ እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነው። ልጁ ሁሉም ከሄደ በኋላ ከጥበቃው ጋር ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ቆይቷል። ለእሷ ሥራ ቦታ ደውለውላት ነው የመጣችው።

"እማዬ፣ ልጄን እኮ ረሳሽው!" አለች። ጮኻ አይደለም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ጫማዬን አድርጌ ነበር" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ናሆምን የጎረቤት ልጅ ታመጣው ጀመር። ሰብለ ጠዋት ስትወጣ የምድጃውን ማብሪያ ከቆጣሪው ላይ ታጠፋዋለች፤ ምሳዬን በምሳ ዕቃ፣ ሻዬን በፔርሙስ አስቀምጣልኝ ትሄዳለች። አልተቀየምኳትም፤ እኔም ብሆን እንዲያ አደርግ ነበር። ግን ፋብሪካ ውስጥ ስንት ማሽን ለብቻዬ ስቆጣጠር የኖርኩ ሴት፣ እንደ ሕፃን ምሳ ዕቃ ታቅፌ ስቀመጥ፣ ያኔ እኔም አመንኩ። አበቃልኝ፤ አረጀሁ አልኩ።

ይህን ያላመነች አንዲት ሰው ነበረች። ራድያ ትባላለች። መካኒሳ ጎረቤቴ ነበረች፤ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው፤ በርበሬና ቅመም ትነግዳለች። ልጆቻችን አብረው ነው ያደጉት። አንድ ቀን ልትጠይቀኝ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አየችኝና ገጿ ተለወጠ።

"ውይ በአላህ! ዘነቡ፣ ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ እኮ ተነፍቷል።"

"እርጅና ነው።"

"የማን እርጅና? እኔ አንቺን በዕድሜ አልበልጥሽም? እርጅናማ ቢሆን መጀመሪያ እኔን ነበር የሚይዘኝ።" ቁጭ ብላ እጄን ያዘች። "በረዶ ነሽ! ሐኪም ቤት ሄደሻል?"

"ልጄ ያልወሰደችኝ የለም፤ ገንዘቧን ጨረስኩት።"

"የጤና መድን ካርዳችሁስ?"

"እሱ የጌታቸው ነበር።"

"ጌታቸው ሞተ እንጂ ካርዱ አብሮ ተቀበረ?"

ይህን ለማታውቁ ላስረዳ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባል አለ። ቤተሰብ በወረዳው ይመዘገባል፤ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፤ ሲታመም በየጊዜው ከኪሱ ሳያወጣ በመንግሥት ጤና ተቋም ይታከማል። ጌታቸው በሕይወት እያለ ገብተን ነበር፤ ካርዱ ላይ የቤተሰብ ኃላፊ ተብሎ የተጻፈው እሱ ነው። ሲሞት የእኔም መብት አብሮት ያለቀ መሰለኝ። አልቋል ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ራድያ "ካርዱ የትም ይሠራል" ብላ በማግስቱ ደግፋ አወረደችኝና ጀሞ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

"እናቴ፣ ይሄ አልታደሰም። ደግሞም የሌላ ወረዳ ነው። የሚያዩዎት እዚያ ነው።"

"የትም ይሠራል ተብሏል እኮ!" አለች ራድያ።

"ማነው ያለው?"

"ሰው!"

ልጅቷ ሳቀች፤ በክፋት አይደለም። "ወረዳው ጤና መድን ክፍል ሂዱና ጠይቁ። ምዝገባ ላይ ናቸው፤ ሳይዘጋ ድረሱ" አለችን። እኔ ግን ከዚያ በላይ የምሄድበት ጉልበት አልነበረኝም። ራድያ ከሰው ጋር ተከራክራ ባጃጅ አመጣችና ቤት አደረሰችኝ፤ ደረጃውን ከኋላዬ ሆና እየገፋችኝ ወጣን።

ለሰብለ ስነግራት ፊቷ ቀላ።

"ጤና መድን? እማዬ፣ እሱ እኮ ለችግረኛ ነው። እኔ እያለሁ? ሰው ምን ይለኛል? እኔ አሳክምሻለሁ።"

"እያሳከምሽኝ ነው ልጄ። አልዳንኩም እንጂ።"

ታምራት ከወንበሩ ሳይነሳ፣ "ሰብለ፣ ይሞከር። ምን ይጎዳል?" አላት። ስለ እኔ ሕመም ሲናገር ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር።

ሰብለ ከሥራዋ ፈቃድ ወሰደች። መጀመሪያ መካኒሳ፣ የድሮው ወረዳችን ሄድን፤ መታወቂያዬ የዚያ ስለሆነ መሸኛ ያስፈልጋል። መሸኛ የሚሰጠው ሰው ስብሰባ ላይ ነው ተባልን። ግድግዳው ሥር ባለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሰብለ ትከሻዬን አቅፋ ስልኳን ታያለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ እኔን ታያለች። ሰውዬው ከሰዓት በኋላ መጣ። መሸኛውን ይዘን በሌላ ቀን የጀሞው ወረዳ ገባን። አዲስ መታወቂያ፣ ፎቶግራፍ፣ የጌታቸው የሞት ማስረጃ። አድካሚ ነው፤ አይደለም ብዬ አልዋሻችሁም። ጤነኛውንም ያሳምማል።

የጤና መድን ክፍሉ ባለሙያ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ሰብለ፣ "በእኔ ስም፣ በእኔ ቤተሰብ ውስጥ ይግቡልኝ" አለችው።

"የት ነው የምትሠሪው?"

ነገረችው።

"እንግዲያው ያንቺ መንገድ ሌላ ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ የታሰበው ከደመወዝ የሚቆረጥ መድን ነው፤ እሱ በእኛ በኩል አያልፍም፤ ከመሥሪያ ቤትሽ ጠይቂ። እናትሽ ግን ራሳቸውን ችለው፣ የቤተሰብ ኃላፊ ሆነው ይመዘገባሉ።"

"ለብቻቸው? እሺ… ግን ይሄ ለችግረኛ የሚባለው አይደል?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ እነሱ በየአካባቢያቸው ተጣርተው ነው የሚመጡት። የቀረው ሰው ከፍሎ ነው የሚገባው። ዕድር አላችሁ?"

"አለን።"

"ዕድር ስትከፍዪ ለችግረኛ ነው ትያለሽ?"

ሰብለ ቦርሳዋን ከፈተች።

ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቀን። አንደኛው፣ ካርዱ የሚሠራው ዛሬ አይደለም፤ ከመጪው ወር ጀምሮ ነው። ሰብለ "ታማ እያየሃት?" ብላ ብድግ አለች። ሰውዬው ከልቡ እንዳዘነ ያስታውቅ ነበር። "እህቴ፣ ሰው ከታመመ በኋላ ብቻ እየተመዘገበ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለዚህ ነው ሳትታመሙ ግቡ የምንለው" አላት። ሁለተኛው፣ ሁልጊዜ ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀመረው። ጤና ጣቢያው ሪፈር ጽፎ ካልላከ፣ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪው በራሱ ነው።

ያንን መጠበቂያ ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ሁሉም ወጥተው ቤቱ ጭር ሲል ፍርሃት ይመጣብኛል። ልቤ አንዴ መታ አድርጎ ይቆያል፤ ቀጥሎ የሚመታ አይመስለኝም። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጠብቀዋለሁ። ሞትን አልነበረም የፈራሁት፤ ናሆም ከትምህርት ቤት ገብቶ ቀድሞ እሱ እንዳያገኘኝ ነበር የፈራሁት። ለዚህ ስል፣ መምጫው ሲደርስ እየተንፏቀቅኩም ቢሆን በሩ አጠገብ ሄጄ እቀመጥ ነበር። ገብቶ "እማማ!" ሲለኝ ለዚያ ቀን ተረፍኩ እላለሁ።

ወሩ ደረሰ። ጤና ጣቢያው በሰው ተሞልቶ ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ የተቀመጠች ሕፃን ያዘለች ሴት፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ አይታ "ጋደም ይበሉብኝ እማማ" ብላ ትከሻዋን ሰጠችኝ። ስሜ ሲጠራ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት።

የመረመረኝ ጤና መኮንን ወጣት ነው። የደም ግፊቴን ለካ፣ የልቤን ምት አዳመጠ፣ እግሬን ተጫነው፣ አንገቴን ዳሰሰኝ። ከዚያ፣ "ድምፅዎ ድሮም እንዲህ ነው?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩት።

ወደ ሰብለ ዞረ። "አነጋገራቸው ድሮ እንዴት ነበር? እንዲህ ዝግ ያለ ነበር?"

ሰብለ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። "ኧረ… ፈጣን ናት። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ለምዶባት፣ ጮክ ብላ ነበር የምታወራው። አባቴ 'እዚህ ማሽን የለም ዘነቡ' ይላት ነበር።" ይህን ስትል ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፤ የጠፋ ሰው ድንገት መንገድ ላይ እንዳገኘች ዓይነት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ጤና መኮንኑ የበሽታውን ስም አልነገረንም። "እኛ ጋ የማይሠራ የደም ምርመራ ያስፈልጋቸዋል" አለና ሪፈር ጻፈ።

ሆስፒታል ደግሞ ቀጠሮ አለው። ቀጠሮው ሲደርስ ወረፋ አለው። እሱን ሁሉ አልፈን ያየችኝ ሐኪም ሴት ናት። በትንሽ መዶሻ የቁርጭምጭሚቴን ጅማት መታ መታ አድርጋ እግሬ ሲመለስ አየች፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚመለሰው፣ እንደ እኔው። የደም ምርመራ አዘዘች። ላቦራቶሪው ግን የመመርመሪያው ኬሚካል አልቋል፣ ውጪ አሠሩ አለን። እዚህ ላይ መድኑ ውስጥ ሆናችሁም ቢሆን "የለም" የሚል ቃል እንደሚያጋጥማችሁ እወቁት። ሲያልቅ ከኪስ ነው።

ውጪ ወዳለው ላቦራቶሪ የወሰደኝ ታምራት ነው፤ ከሱቁ አስፈቅዶ። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔ ለወጪው ላመሰግነው ቃል እየፈለግኩ ነበር።

"እማማ" አለኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየ። "እናቴ እንዲህ ስትሆን አረጀች አልን። ምኗን እንዳመማት ሳናውቅ ነው የቀበርናት። እርስዎን ባየሁ ቁጥር እሷ ነው ትዝ የምትለኝ። ለዚህ ነው ማየት የሚከብደኝ።"

ክንዱን ያዝኩት። እስክንወርድ አልለቀቅኩትም። ያንን ሁሉ ጊዜ ቅሬታ ነው ያልኩት ይሄ ነበር።

ውጤቱን ይዘን ስንመለስ ሐኪሟ ለሰብለ ሳይሆን ለእኔ ነው የነገረችኝ። "እማማ፣ አንገትዎ ላይ ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ሰውነት በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ የሚወስነው ከእሱ የሚመነጨው ንጥረ ነገር ነው። የእርስዎ በጣም ቀንሷል። ብርዱም፣ እብጠቱም፣ ድርቀቱም፣ ድካሙም ከዚያ ነው።"

"እንቅርት ነው?"

"እንቅርት ዕጢው ሲያብጥ ነው። የእርስዎ አላበጠም፤ ሥራውን ነው የተወው።"

"እሱም ጡረታ ወጥቷል በይኛ።"

ሐኪሟ ሳቀች። ሰብለ ግን አልሳቀችም። "መርሳቱስ?" አለች።

"ከዚሁ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን እየወሰዱ እናየዋለን።"

መድኃኒቱ ትንሽ እንክብል ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል፤ ከዚያ ቁርስም ሻይም ሳይቀመስ ቆየት ይባላል። ዕድሜ ልክ ነው። ዕድሜዬንና ልቤን አይታ ከትንሹ ጀምራ ቀስ እያለች ነው የጨመረችልኝ። ጾም ሲመጣ ተጨንቄ የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ "መድኃኒት ምግብ አይደለም፤ ዋጪው፣ ከዚያ ጹሚ" አሉኝ።

በሳምንት የምድን መስሎኝ ነበር። አልሆነም። ብዙ ጊዜ ምንም ለውጥ ሳላይ ዋጥኩት፤ እንዲያውም ልተወው አስቤ ነበር። መጀመሪያ የሄደው ብርዱ ነው፤ አንድ ጠዋት ጋቢውን ሳልደርብ ቁርስ መብላቴን ያየው ናሆም ነው። ቀጥሎ ፊቴ ጎደለ። ድምፄ ቀስ በቀስ ተመለሰ። የራስን መዳን ግን ራስ አያየውም፤ ሌላ ሰው ነው የሚነግራችሁ።

ለእኔ የነገረኝ የታክሲ ረዳት ነው። ከሰብለና ከታምራት ጋር ከሆስፒታል ክትትል ስንመለስ፣ ሒሳብ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ረዳቱ መልሱን አጉድሎ ሰጠኝና ፊቱን አዞረ።

"አንተ ልጅ፣ መልሴ ይጎድላል" አልኩት።

"ሰጥቻለሁ እማማ፤ ረስተው ነው።"

"ረስተው? እኔ? ሦስት ሰው ነን፤ የሰጠሁህን አውቃለሁ፤ የመለስክልኝ እጄ ላይ ነው። ና ቁጠረው!" ድምፄ ታክሲውን ሞላው። ሾፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየ። ረዳቱ እየተነጫነጨ ጨመረልኝ። ዞር ስል ታምራት በመዳፉ አፉን ይዞ ይንፈቀፈቃል፤ ሰብለ ደግሞ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዬ ጫፍ ትጠርጋለች።

"እዚህ ማሽን የለም፣ እማዬ" አለችኝ።

ቤት ገብተን ልብሷን ሳትቀይር አጠገቤ ተቀመጠች። "ያረጀሽ መስሎኝ ነበር እኮ" አለች።

"አርጅቻለሁ። ታምሜም ነበር። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።"

"ያ ሁሉ ክሊኒክ… ያ ሁሉ ጊዜ…"

"ተይው። ባለሽ መንገድ ሁሉ ሄድሽልኝ።" ከልቤ ነበር ያልኩት።

አሁንም ሙሉ ጤነኛ ነኝ አልልም። ደረጃውን ስወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ቆም እላለሁ፤ ያ ግን የጉልበቴ ነው። ክትትል አለኝ፤ ወረፋው እንደ ድሮው ነው። አንዳንዴ የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት እንክብሉ አልቆበት ውጪ እንገዛለን። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ መድኑ አይሸፍንም ተብያለሁ፤ እኔ ሁለቱም ያስፈልጉኛል። ሁሉን የሚያደርግ ነገር አይደለም። ግን ያ ሪፈር፣ ያ ሐኪም፣ እስከ ዛሬ የምመላለስበት ክትትል፣ ያለሱ በሰብለ ደመወዝ እንደማይዘለቅ አውቃለሁ።

ስለዚህ ጡረተኞች፣ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ስማቸው ካርዱ ላይ ኖሮ ከሞቱባችሁ፣ አልቋል ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሄዳችሁ በስማችሁ አስቀይሩ። ሰፈር ከቀየራችሁም እንዲሁ። አሠራሩ ይለዋወጣል፤ እኔ የነገርኳችሁ በእኔ ጊዜ የነበረውን ነው፤ ከጎረቤት ሳይሆን ከወረዳው ጠይቁ። ልጆች ደግሞ፣ እናታችሁ "ደከመኝ" ስትል ድሮ እንዴት ትናገር እንደነበር አስታውሱ። ድምፅዋ ከተለወጠ ለሐኪሙ ንገሩት።

በቅርቡ የእድሳት ጊዜ ደርሶ ራድያ ጋ ደወልኩ፤ የእሷም ወረዳ እያደሰ ነበርና አብሬሽ ልሂድ አልኳት። አላድስም አለች። ነገሩ ስላላማረኝ ታክሲ ተሳፍሬ መካኒሳ ሄድኩ፤ ቅመም እየነፋች አገኘኋት። ከመደብሯ አስነስቼ፣ እጇን ይዤ ወረዳው ድረስ ወሰድኳት። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ይዞ ሄዷል። ከኋላ ቆምን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እግሬን ይቆረጥመኛል፤ ራድያ አፏ አልተዘጋም።

"ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጤና ጣቢያ ሳልረግጥ ከፈልኩ። ዘንድሮም ሳልታመም ቢያልፍስ? ብሬን በሉት ማለት አይደለም?"

"ይብሉት ራድያ" አልኳት። "አንቺን በሽታ ከሚበላሽ፣ ብርሽን ይብሉት።"

አጉረመረመች፤ ከሰልፉ ግን አልወጣችም።